ሩብ ዙር

ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ጥርስ ነው፤
ሳቁና ይውጣላችሁ፤ ነገሬ ግን ይኸው።

ፒያሳ፣ ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣
ሃያ ሁለት ዓመት እኔና ጀሶዬ ብቻችንን ስንሆን፣
የልጆችን ላንቃ ልክ ወስጄ ስቀርጽ፣
የሐዋሳን ሰው የማውቀው በስም አይደለም፤ በአፍ ቅርጽ።
መንገድ ላይ ሲስቁ «ይቺ ጠባቧ ናት፣
ያ ደግሞ ቁልቁለቱ» እላለሁ፤ ስም ግን ከየት!

ዶክተር ኤፍራታ ናት አንድ ጠዋት ይዛ የመጣች፣
ብሩሽ የሚያህል ነገር፤ ጫፉ ላይ መብራት አለች።
አፍ ውስጥ ዞር ዞር አድርጋ ስታወጣው፣
ላንቃው ስክሪኑ ላይ ቁጭ! ታቦርን ከላይ ሆኖ እንደሚያየው
አባ ኮዳ፤ ሸንተረሩ ሳይቀር፣ ሸለቆው ሳይቀር።
ፋይሉ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ በሌዘር ጨረር
የብረት ዱቄት ቀልጦ፣ ስስ በስስ ተደራርቦ፣
በአራተኛው ቀን በአውቶቡስ ይመጣል፣ በጥጥ ተከቦ።

እኔ ደግሞ በእጄ፤ ሽቦ ማጠፍ፣ መበየድ፣
ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ መሞረድ፣ ደግሞ መሞረድ።

በአንድ ሳምንት ሁለት ልጆች መጡ፤
ላንቃቸው ጠባብ በር፣ ጥርሶቻቸው ተጋፍተው ሊወጡ።
ኢዮስያስ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ልጅ፣ በአዲሱ ሊሠራለት፤
ላሊማ፣ የአሞራ ገደሉ የአቶ ቡሪሶ ልጅ፣
በእኔ፤ በግማሽ ዋጋ ስለሆነላት።

ኢዮስያስ ስካነሩ ሲወጣ «አለቀ?» አለ።
ላሊማ ግን ሮዙ ሊጥ ጉሮሮዋ ድረስ ዘለቀ፤
«በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ እግርሽን አንሺ» እያልኳት
አንጓዬን ቧጠጠችኝ። አልተቆጣኋት።

ሲገጠም የእሱ ጠቅ አለ፤ አንዴ፣ በቃ።
የእሷን ሁለቴ አውጥቼ ሞረድኩ፤ «አመመኝ» አለች ተጨንቃ።
እውነቱን ልናገር፤ የእሱ ይሰበራል ብዬ ጠበቅሁ፣
አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት።
አልተሰበረም። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልፍ ነው፤ ማታ ማታ ሩብ ዙር፣
የሩብ ሚሊሜትር ጉዞ፤ ከዚያ በላይ አይሞከር።
የኢዮስያስ እናት በስልኳ ደወል ቆጠረች።
አቶ ቡሪሶ መረብ በሚጠግንበት ክር፣
በየማታው አንድ ቋጠሮ፤
«ሃያ ስምንት ዙር፣ ሃያ ስምንት ቋጠሮ» ብሎ አሳየኝ፣
ክሩ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ።
አጥንት ከመሃል ሲከፈት የማን ብረት ነው አይልም፤
ሁለቱን ስንለካ ልዩነታቸው ከወረቀት አይወፍርም።

ላሊማ ግን ከፊት ጥርሶቿ መሃል ብርሃን ገባ።
አክስቶቿ እልል አሉ፤ «ፍንጭት! ከየት ተገዛ?»
ክሊኒክ ስትመጣ አፏን በእጇ አልሸፈነችም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«ይቺን ተዉልኝ» አለች።
«አይሆንም፤ በራሷ ትዘጋለች፣ ትንሽ ጊዜ።»
«ታዲያ ለምን ከፈታችኋት?»
ዶክተሯ ስለ አጥንት፣ ስለ ሥር፣ ስለ ቦታ አስረዳቻት።
እኔ ንጹሕ ጉጠቴን እንደገና ጠረግኩ።

ዘንድሮ ማውስ መያዝ እየተማርኩ ነው፤
ዶክተር ኤፍራታ ትታገሣለች።
እጄ ግን ጠረጴዛው ላይ ጀሶ ይፈልጋል።
የኢዮስያስ ላንቃ ፋይል ነው፤ በይለፍ ቃል ይከፈታል።
የላሊማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ የድሮው፣ ጠባቡ፤
አቧራውን ስጠርግ አውራ ጣቴ አያልፍም ከግንቡ።

ባለፈው ሐይቁ ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ልጅ ሳቀች፤
ሰፊ፣ ድርድር ጥርስ። ማን ናት? በቅርጽ አላወቅኋትም።
«ጋሼ ጀሶ!» ብላ ጮኸች።
ባጃጁ ታጠፈ፤
ነጭ እጄን እንዳነሳሁ ቀረሁ።